ቀን የሌለባት ትኬት

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ ጋሽ ተፈራ አንዲት ፖስታ ይዘው ነው የመጡት። ከገቡ ጀምሮ ውሃዬን እንኳ ጠረጴዛው ላይ እንዳላስቀምጥ ከልክለውኛል።

ጋሽ ተፈራ፦ ታዲያስ! ውሃና ፀሐይ ጠላቶቿ ናቸው። ነይ እያት... አትንኪ፣ በዓይንሽ ብቻ።

ሜሮን፦ ውይ፣ ብጣሽ ወረቀት እኮ ናት! አንድ ጎኗ ደግሞ ተቀዷል።

ጋሽ ተፈራ፦ በረኛው ቀዶ ግማሹን ያስቀራል፣ ግማሹ ተመልካቹ ኪስ ይገባል። ይቺ እዚህ ዋሽንግተን የነበረው የግሪፊዝ ስታዲየም የቤዝቦል ትኬት ናት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታውቂው የለ? ሜዳው እዚያ ነበር። በ1965 ፈረሰ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ።

ሜሮን፦ እዚያ ስንቴ አልፌያለሁ!

ጋሽ ተፈራ፦ እኔስ ብትይ? ስንት ዓመት በታክሲ በሽተኛ አመላልሻለሁ። አንድ ቀን ያሳፈርኳቸው ሽማግሌ፣ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ «አባቴ እዚህ ኳስ ያሳየኝ ነበር» አሉኝ። ሰውየው የዘባረቁ መስሎኝ «አይዞዎት» ብዬ አወረድኳቸው። በኋላ ስጠይቅ ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ ነገር የያዘኝ።

ሜሮን፦ ቆይ፣ ቀኑ የታለ? እኔ አላየሁም።

ጋሽ ተፈራ፦ ጎሽ! በድሮ ትኬት ላይ ብዙ ጊዜ ቀን አይጻፍም። «ጌም» ይልና ቁጥር ያስከትላል፤ ይቺ 34 ትላለች፣ የዓመቱ 34ኛ የሜዳቸው ጨዋታ ማለት ነው። ትኬቱ የሚታተመው የውድድሩ ዘመን ከመጀመሩ በፊት ነው። ዝናብ ጥሎ ጨዋታው ቢተላለፍ ቀኑ ውሸት ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ግድ የለውም። ለምሳሌ በ1953 የዚያ ሜዳ ክለብ፣ የዋሽንግተን ሴናተርስ፣ የመክፈቻ ጨዋታ ኤፕሪል 13 ነበር። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ኳሷን ወርውሮ ጨዋታውን መክፈት ሲገባው፣ ጎልፍ ይሻለኛል ብሎ አውጉስታ ወርዷል። ዝናቡ ወረደና ጨዋታው ለ16 ተዛወረ። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ወረወረ።

ሜሮን፦ ዝናብ ከሐሜት አዳነው በሉኛ!

ጋሽ ተፈራ፦ አዳነው። በማግስቱ ደግሞ የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋቹ ሚኪ ማንትል የመታት ኳስ ከሜዳው ወጥታ ሄደች፤ 565 ጫማ ተብሎ ተጻፈላት። በዕለቱ የገባው ሰው 4,206 ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ትኬቱን ያልጣለው ስንቱ ነው? እሱን አስቢው።

ሜሮን፦ እዚህ ታች «ሬን ቼክ» ይላል።

ጋሽ ተፈራ፦ ጨዋታው በቂ ሳይሄድ በዝናብ ከተቋረጠ፣ በዚህችው ቁራጭ ሌላ ጊዜ ትገቢያለሽ ማለት ነው። አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን አንዱን ምሳ ልጋብዝህ ብለው «ሬን ቼክ» አለኝ። እኔ የባንክ ቼክ የሚጽፍልኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁት!

ሜሮን፦ (ሳቅ) ወንበሩስ?

ጋሽ ተፈራ፦ «ግራንድስታንድ» ይላል። ጣሪያ ያለው ነው፤ ጥላ ፎቅ በይው። «ብሊቸርስ» ቢል ኖሮ ሚስማር ተራ ነበር፣ ፀሐዩ በአናትሽ። አሁን ዋጋውን አንብቢልኝ።

ሜሮን፦ ዋጋ 1.04፣ ታክስ 21 ሳንቲም፣ ድምር 1.25።

ጋሽ ተፈራ፦ ታክሱ ከዋጋው ስንት እጅ ነው?

ሜሮን፦ ሃያ በመቶ ገደማ።

ጋሽ ተፈራ፦ አየሽ! የፌዴራሉ የመግቢያ ታክስ ሃያ በመቶ የገባው በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1944 ነው። በ1954 ወደ አስር ወረደ፣ በ1965 ማብቂያ ቀረ። ስለዚህ ይቺ በእነዚያ አስር ዓመታት ውስጥ የተሸጠች ናት። ቀኗን ስትደብቀኝ ታክሱ አሳበቀባት።

ሜሮን፦ ፎርጅድ አለ ይላሉ።

ጋሽ ተፈራ፦ አለ እንጂ! እኔ ራሴ ሰማንያ ዶላር ከስክሻለሁ። ቤት ወስጄ በማጉያ መነጽር ባየው ፊደሉ ሁሉ የቀለም ነጠብጣብ ነው፣ ከኮምፒዩተር ማተሚያ የወጣ። በደንበኛው ትኬት ላይ የወንበሩ ቁጥር ለብቻው ስለሚመታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይንጋደዳል። ይሄ ግን ቀጥ ብሏል። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ያው ክፍል፣ ያው ረድፍ፣ ያው ወንበር፣ አምስት ሰው ይሸጠዋል። አንድ ወንበር ላይ አምስት ሰው አይቀመጥ መቼም!

ሜሮን፦ ያልተቀደደው አይሻልም ግን?

ጋሽ ተፈራ፦ ገበያው ብዙ ጊዜ ለሙሉው የበለጠ ይከፍላል። እኔ አልስማማም። በ2010 ወርዋሪው ሮይ ሃላዴይ ማያሚ ላይ ፍጹም ጨዋታ ሲወረውር፣ ማለትም አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ሳያስረግጥ ሲጨርስ፣ ባለሜዳው ክለብ ያልተሸጡትን ትኬቶች ከጨዋታው በኋላ ቸበቸባቸው። ሙሉ ትኬት ናቸው፣ ግን ያየባቸው ሰው የለም። በሌላ በኩል የነጮች ብቻ የነበረውን ትልቁን ሊግ የሰበረው ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ኤፕሪል 15፣ 1947 ብሩክሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተበት ቀን ቁራጭ በ2022 በ480 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ቁራጭ!

ሜሮን፦ በስመ አብ! የእርስዎዋስ ስንት ታወጣለች?

ጋሽ ተፈራ፦ የምሳ ዋጋ። ግን ዓመቷን ሳላውቅ አልተኛም። የክለቡ ፕሬዝዳንት ፊርማ ይረዳ ነበር እንዳልል፣ ክላርክ ግሪፊዝ በ1955 እስኪሞት ድረስ እሱው ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የድሮ ጋዜጣ እያገላበጥኩ የሜዳቸውን ጨዋታ አንድ ሁለት እያልኩ እቆጥራለሁ። በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ የሚታይበት ቀን አለ፤ እሱ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ይጠፋብኝና እንደገና ከአንድ።

ሜሮን፦ እስካሁን ስንት ዓመት ቆጠሩ?

ጋሽ ተፈራ፦ ሦስት። ሰባት ይቀረኛል፤ ቅዳሜ ትመጫለሽ?

ሜሮን፦ ሬን ቼክ፣ ጋሼ!

ጋሽ ተፈራ፦ (ሳቅ) አንቺ ልጅ!

ሜሮን፦ አሁን ውሃዬን ልጠጣ?

ጋሽ ተፈራ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ፖስታዋ ውስጥ ልክተታት።