ቡናው ይጣፍጠዋል፣ ሽታው ግን አይጠራውም

[ምስል፦ ቡና ሲቆላ፤ ጭሱ ወደ ጓዳ ይገባል]

ቡና ሲቆላ ሽታው ብቻውን ከአልጋ ያስነሳል አይደል? ገና ሳይወቀጥ፣ ገና ሳይፈላ። ያቺ ጉጉት የምትቀሰቀሰው አእምሯችን ውስጥ ቬንትራል ስትራያተም በሚባል ክፍል ነው። መልእክተኛው ኬሚካል ደግሞ ዶፓሚን ነው።

ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» ይሉታል። እኔ ስሙን አልወደውም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት ጦጣዎች ላይ ያየውን ስሙ። ጭማቂ ሳይጠብቁ ጠብ ሲልላቸው የዶፓሚን ሴሎቻቸው ይንጫጫሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ከለመዱ በኋላ ግን ጫጫታው ወደ መብራቱ ይዞራል፤ ጭማቂው ሲመጣ ምንም የለም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረስ? ሴሎቹ ከወትሮው በታች ዝም ይላሉ። የእኛ መብራት የቡናው ሽታ ነው።

[ምስል፦ ብርድ ልብስ የተከናነበ ወጣት]

«ተነስ እንጂ፣ አቦል ሊቀዳ ነው!» አይነሳም። ሰነፍ ይባላል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው፣ የሌለ ድምፅ ሊያሰማ የሚችለው የአእምሮ ሕመም ካለበት ግን ብዙ ጊዜ የደከመው ይኸው የጉጉት ክፍል ነው። ሽልማት ሊመጣ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት እያሳዩ በኤምአርአይ ሲያዩት፣ ከሌላው ሰው ያነሰ ይነቃል። ሕመሙ በሌለባቸው የቅርብ ዘመዶች ላይም ይህን ያገኙ ጥናቶች አሉ።

ታዲያ «በዘራቸው አለ» የሚባለው እውነት ነው? በከፊል። ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ስኪዞፍሬኒያ ይይዘዋል። ወላጁ ካለበት ቁጥሩ ወደ አስር ይጠጋል። ዘጠና የሚሆኑት አይታመሙም ማለት ነው፤ ይህን ግን ሽማግሌ ሲላክ ማንም አያነሳውም።

ደግሞ «የእብደት ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር የለም። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ነው። የተጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ስለነበሩ ውጤቱ ለእኛ በልክ የተሰፋ አይደለም። ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ያካተተው ለዚህ ነው።

ከተገኙት ዘረመሎች አንዱ ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ተቀባይ የሚሠራው ነው። የሕመሙ መድኃኒቶች ክሎርፕሮማዚንም ሃሎፔሪዶልም የሚዘጉት እሱኑ ተቀባይ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ያበርዳሉ፤ ጉጉቱን ግን እምብዛም አይመልሱም።

[ምስል፦ እናት ስኒ ይዛ ስትገባ]

አልጋው ድረስ አመጣችለት። ቀና ብሎ ፉት አለ።

«ስኳር አንሶታል» አላት።