የዱቤው ደብተር

እንዴት ከረማችሁ። ዛሬም ስለዚያው ኮላጅ፣ ቁርጥራጭ እየለጠፍኩ ስለሠራሁት ሥዕል ነው። ስለ ደሴው ጦሳ ተራራዬ። አልቋል ብያችሁ ነበር፤ አላለቀም።

ተራራውን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው የሠራሁት። በእጅ ሲቀደድ ጠርዙ ይሻክራል፤ ቁርጥ የጦሳን ገደል ነው የሚመስለው። ጣሪያዎቹ የዘይት ቆርቆሮ ናቸው። ለቤቶቹ ግድግዳ ደግሞ ቢጫ ያለ፣ መስመር ያለው ወረቀት ፈለግሁ። ከአያቴ ሳጥን የድሮውን የዱቤ ደብተር አወጣሁ። ሱቋ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ጽሑፉም የኔው ነው፤ በልጅነቴ እሷ እየነገረችኝ የጻፍኩት። ስኳር ግማሽ ኪሎ። ላምባ አንድ ጠርሙስ። ከጎኑ ስም።

አያቴ ቡናዋን ይዛ መጣችና ቆመች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ከየስሙ ጎን የራሷን ምልክት ታደርግ ነበር። ጣቷን አንዷ ቤት ላይ አሳረፈች። «ይቺ ክቧ የማን ናት?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «አውፍ ብያት አልነበር? ምነው ግድግዳ ላይ ሰቀልሻት?»

አልተቆጣችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። «ሰቀልሽው» አላለችም እኮ። «ሰቀልሻት» ነው ያለችው። ሌሊት ሁሉ ይቺ «ት» ጆሮዬ ውስጥ ናት።

ለኔ ወረቀት ነበር። ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክም በ1912 እ.ኤ.አ. ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ነው እየቆረጡ የለጠፉት። የኛም ቤት ጭቃው ግድግዳ አዲስ ዘመን ተለጥፎበት ነበር፤ ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን አንገቴን አጣምሜ ነው ያነበብኩት። ደስ ሲል! ግን እዚያ ጋዜጣ ላይ ያለው ሰው ጎረቤታችን አይደለም። ሴትዮዋ ግን ለመውሊድ ቤታችን ትመጣለች። ማንበብ ደግሞ ትችላለች።

ላላቅቀው? የዱቄት ኮላ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ያ ያረጀ ወረቀት ግን አብሮ ይበጣጠሳል። ሌላ ወረቀት ላልብሰው? ከሥር እያለች?

አያቴ «አብሽሪ» ብላኛለች። የእሷ አብሽሪ ደግሞ አንዳንዴ... ተዉት።

ትናንት ማታ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ጠርዙን ነካሁት። ትንሽ ተነሳ። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ጋ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ጨርቁ አሁንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝናቡ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ይሰማችኋል? ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ...