ቤታችሁን የሚያሞቀው የትኛው ነው? ሂት ፓምፕና የናረ የመብራት ቢል

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የመብራት ቢል]

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፤ የምሠራው ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ባለፈው ጃንዋሪ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ 612 ዶላር መብራት መጣብኝ። ማሽኑ አርጅቷል፣ በ11 ሺህ ዶላር ይቀየር ተባልኩ። እስቲ አንተም እየው» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ማሽኑ ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ግን «ኢመርጀንሲ ሂት» ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳደረገው ስጠይቃቸው፣ «እኔ ነኛ! ብርዱ ሲጠና ይደረጋል ብዬ ነው» አሉ።

እሳቸው አላጠፉም፤ የነገራቸው ሰው የለም። ይህን ቪዲዮ የሠራሁትም እንደሳቸው ያልተነገረው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

[ምስል፦ የፍሪጅ ጀርባ፤ ቀጥሎ ከቤት ውጭ የቆመ የሂት ፓምፕ ክፍል]

ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያጓጉዛል። ፍሪጅ ሲሠራ ጀርባው ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት ውስጥ ካለው ምግብ ተለቅሞ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕም ውጭ ካለው አየር፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም እንኳ፣ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ማጓጓዝ ከመፍጠር ይረክሳል። ውጭው 47 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲሆን በ1 ኪሎዋት መብራት 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ታገኛላችሁ። ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ 2 ገደማ ይሆናል። ቀንሷል፣ ግን አሁንም ያዋጣል።

ጉዳዩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቤዝመንት ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ባለው፣ አየሩን በሚነፋው ክፍል ውስጥ፣ የተጠቀለሉ ሽቦዎች አሉ። የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ በሉት፤ ሥራው ያው ነው። 1 ኪሎዋት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፣ ከዚያ አያልፍም። ብዙ ቤት ውስጥ የማየው 10 ኪሎዋት የሚወስደውን ነው። ይህ ማለት የአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስቱን ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። በቀን 10 ሰዓት ከሠራ 100 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ18 ሴንት ብናስበው በቀን 18 ዶላር፣ በወር 540 ዶላር። ማሞቂያው ብቻ! ያንኑ ሙቀት ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ሙቀት የሚያጓጉዘው የሂት ፓምፑ ሞተር፣ ቢያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይፈጅም ነበር።

«ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለው ቁልፍ ኮምፕረሰሩን ዘግቶ ቤቱን በሽቦው ብቻ ያሞቃል። የተሠራው ውጭ ያለው ክፍል ሲበላሽ፣ ጠጋኝ እስኪመጣ ድረስ እንዳትበርዱ ነው። «ኦክስ ሂት» የሚለው ግን ኮምፕረሰሩ እየሠራ፣ ማሽኑ ራሱ እርዳታ ሲፈልግ ያንኑ ሽቦ ሲጠራ ነው። ብርዱ ሲበረታ ብቅ ብሎ ቢጠፋ አትደንግጡ። ውጭው 45 ዲግሪ ሆኖ ሰዓታት ሙሉ ከበራ ግን ምክንያት አለው።

[ምስል፦ ቴርሞስታት ላይ 58 የነበረው ቁጥር ወደ 74 ሲወጣ]

ወገኖቼ ቤት በብዛት የማየው ምክንያት ይሄ ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ማሞቂያው ይጠፋል፤ «ሰው በሌለበት ለምን ይቃጠላል?» ይባላል። ማታ ቤቱ 58 ሆኖ ይጠብቃል፣ ቁጥሩ ባንዴ 74 ላይ ይደረጋል። ቁጠባን ለሚያውቅ ሰው ትክክል ይመስላል፤ በጋዝ ማሞቂያ ቢሆን ትክክልም ነበር። ሂት ፓምፕ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ ማሽን ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች የተጠየቀው ሙቀት ካለው ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ ከራቀ ሽቦውን ይጠራሉ። ቀን የቆጠባችሁትን ማታ ሦስቱ ምጣድ ይበላዋል። የምትችሉትን አንድ ቁጥር፣ 68ም ሆነ 70፣ መርጣችሁ ተዉት።

ደግሞም ከሂት ፓምፕ የሚወጣው አየር እንደ ጋዝ ማሞቂያ አይፋጅም። ለብ ያለ ነው፣ እጅ ላይ ሲነፍስ ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል። «አይሠራም» ብላችሁ ቁጥሩን አትጨምሩበት።

ቁጥሩን ሳትነኩትም ቢሉ ከናረ፣ መጀመሪያ ዶላሩን ትታችሁ ኪሎዋት ሰዓቱንና ስንት ቀን እንደተቆጠረ ካምናው ወር ጋር አስተያዩ። ዋጋው ብቻ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ኪሎዋት ሰዓቱ ከጨመረ፣ ስማርት ሜትር (ፍጆታን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ቆጣሪ) ላላቸው ቤቶች ብዙ የመብራት ድርጅቶች የየሰዓቱን ፍጆታ በኦንላይን አካውንት ያሳያሉ። ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ሌሊት 9 ሰዓት (3 AM) ላይ፣ በአንድ ሰዓት 9 ወይም 10 ኪሎዋት ሰዓት ካያችሁ ሽቦው በርቷል።

ሽቦውን የሚያበራው ማብሪያ ተጣብቆ ቀርቶ አልጠፋ ሲልም ገጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን በጋ ላይ ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው አብረው ይሠራሉ፣ ቤቱም አይቀዘቅዝም። ሌላው፣ አዲስ ስማርት ቴርሞስታት ራሳችሁ ገጥማችሁ፣ የማሞቂያውን ዓይነት ሲጠይቃችሁ «ሂት ፓምፕ» በማለት ፈንታ «ፈርነስ» (ሌላ ዓይነት ማሞቂያ) ብላችሁ ከሞላችሁት ነው፤ ያኔ ኮምፕረሰሩን ትቶ ሽቦውን ሊያበራ ይችላል። ቢሉ የናረው ቴርሞስታቱ ከተቀየረበት ሳምንት ጀምሮ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ፊልተሩን በብርሃን ፊት ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ውጭ ያለውን ክፍል ከቅጠልና ከበረዶ አጽዱ። ክፍሉ ላይ ስስ አመዳይ ቢታይ አትደንግጡ፤ አልፎ አልፎ የሚወጣው እንፋሎትም የእሳት ጭስ አይደለም፣ ማሽኑ አመዳዩን እያቀለጠ ነው። ዙሪያውን በረዶ ግድግዳ ሠርቶበት ለሰዓታት ካልቀለጠ ግን ጠጋኝ ጥሩ። በረዶውን በቢላ እንዳትፈቀፍቁ፣ ቧንቧው ይበሳል።

[ምስል፦ በአምፔር መለኪያ የተያዘ ሽቦ]

የማሽኑ ጋዝ (ሙቀቱን ተሸክሞ በቧንቧው የሚዞረው ሪፍሪጀራንት) አልቋል የሚላችሁ ካለ፣ የት እንደሚያፈስ ጠይቁት። ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። ጋዙን የሚነካ ሰው በፌዴራል ሕግ 608 የሚባለው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ ብትሉት ነውር የለውም።

ስትደውሉ እንዲህ በሉ፦ «ማሞቂያው በርቶ ኦክስ ሂት ሳይጠራ፣ ሽቦው ስንት አምፔር እንደሚወስድ ለካልኝ።» መልሱ ዜሮ መሆን አለበት። ለ10 ኪሎዋቱ ሽቦ 40 አምፔር ገደማ ካሳየ ጥፋቱ ተገኘ፣ የተበላሸውም ትንሽ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለካ «ማሽኑ ይቀየር» ከሚል ሰው ጋር ምንም ሳትፈርሙ፣ ሌላ ጠጋኝ ጥሩ።