ሰበታ ላይ የቆመው ሃዲድና የሠራተኛው ደመወዝ

በጅማ ከተማ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከምክር ቤት የመጣችሁ ተወካዮች፣ የቡና ነጋዴዎች፣ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አካም ጅርቱ። አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለሁላችን ይሁን።

ፊት ወንበር ላይ ያላችሁትን ተወካዮች ከልብ አመሰግናለሁ። ጥሪያችንን አክብራችሁ መጥታችኋል። የማነሳው ጥያቄ ከእናንተ ሥልጣን በላይ የሆኑ ነገሮችም አሉበት። እነሱን ለሚመለከታቸው እንድታደርሱልን አደራ እላለሁ።

የምናገረው ስለ ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ካርታ ነው፣ ሌላው ሕግ። ሁለቱንም ያወጣው መንግሥት ነው። ሁለቱም እስከዛሬ መሬት አልነኩም። ለምን እንዳልነኩም መጥቶ የነገረን የለም።

ከካርታው ልጀምር። በ2003 የተጀመረውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሃዲድ ይዘረጋል ተብሎ ነበር። በአገር አቀፉ የባቡር አውታር ካርታ ላይ አንዱ መስመር ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ በኢጃጂ አድርጎ ጅማ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ጉራፈርዳና ዲማ ይቀጥላል። ያኔ ከተማው በሙሉ ያወራው ስለ ባቡር ነበር። ጣቢያው የት ይሆናል እየተባለ ቡና እየተጠጣ ክርክር ነበር።

የጅቡቲው መስመር ተሠራ። መስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀው ጉዞ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። የጅማው መስመር ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ሃዲድ በእኛ በኩል የሚያልቀው ሰበታ ላይ ነው። ሰበታ ደግሞ የጅማ መንገድ ላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ አልፏታል። ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ሃዲድ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ጭነታችን በጎማ ነው የሚጨርሰው።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት ጭነት አመላልሻለሁ። የጊቤን ቁልቁለት የማያውቅ ካለ ልንገረው። ቡና የጫነ ተሳቢ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ሽታ መኪናው ሳይታይ ይደርሳል። ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወርደው። ዳገቱ ላይ አንዱ ከተበላሸ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። ጎማው ሥር ይወሽቀዋል። ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ክረምት ከሆነ፣ ጭጋጉ ከወረደ፣ ፈጣሪ ያውቃል። ታኮውን ይዞ የሚዘለው ልጅ ብዙ ጊዜ ውል የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም። ከሹፌሩ አበል ላይ የሚቆረስለትን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ስለ ባቡር ሲወራ እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ልጅ ነው።

የቡና ዋጋ እኛ ጋ አይወሰንም። መነሻው የኒው ዮርክ ገበያ ነው። ላኪው ከዚያ ዋጋ ላይ የወደቡን፣ የመኪናውን፣ የነዳጁን፣ የመጋዘኑን ይቀንሳል። አቅራቢው የራሱን ይቀንሳል። የተረፈው ነው ጌራና ጎማ ወረዳ ላለው ገበሬ የሚደርሰው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የሚሳሳው ያ የመጨረሻው ነው። ቡና ለቃሚዋ ጨምሩልኝ ስትል የምትሰማው መልስ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ ትራንስፖርት ተወዷል። ስለዚህ የባቡሩና የደመወዙ ጉዳይ ለየብቻ የሚታይ አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በዚያ ገንዘብ ውስጥ የጅማ ላብ አለበት። የጅቡቲውን ባቡር የሚጎትተው የኤሌክትሪክ ኃይልም ቢሆን የእኛ ወንዝ ድርሻ አለበት። የግልገል ጊቤ ውሃ የተኛበትን መሬት ለቀው የተነሱ ገበሬዎች የዚህ ዞን ሰዎች ናቸው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። አገሪቱ ዕዳ አለባት፣ ባቡር ውድ ነው። እውነት ነው። የጅቡቲው መስመር ወጪ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው፣ ብድሩ ገና ተከፍሎ አላለቀም። የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡርም አይተናል። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ሕዝቡ ጣቢያ ላይ ተሰልፎ መጠበቅ ያዘ። ስለዚህ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ እንዲነሳልን ብቻ አይደለም የምንጠይቀው። የጅማው መስመር ዛሬ አያዋጣም የሚባል ከሆነ ጥናቱ ይውጣና እንየው። በአሥር ዓመት ይደርሳል ከተባለ አሥር ዓመት ተብሎ ይጻፍ። ተሰርዞም ከሆነ ማን እንደሰረዘው፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ይነገረን። እውነቱን ከነገሩን የሚቻለንን እንችላለን። ነጋዴው መጋዘኑን የት እንደሚሠራ ያስባል። ወጣቱ ምን እንደሚማር ይመርጣል። ዝም ሲባል ግን ሁሉም በግምት ይኖራል።

እዚህ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 ላንሳ። ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው ይላል። መስመሩ ሲታቀድ አልተጠየቅንም። ሲቀርም አልተጠየቅንም።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልምጣ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ረዘም ይላል።

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። መንግሥት፣ አሠሪውና ሠራተኛው አብረው የሚቀመጡበት ቦርድ ነው። ሥራው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ማጥናትና መወሰን ነው። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ። የግል ሠራተኛው ግን እስካሁን ወለል የለውም። የመንግሥት ሠራተኛው ቢያንስ የሚታወቅ እርከን አለው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል። እሱም ቢሆን ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን እያንዳንዱ መምህርና ነርስ ቤቱ ያውቀዋል። በ2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ድምፃቸውን ያሰሙት በትርፍ ጊዜያቸው አይደለም፣ ጨንቋቸው ነው። የቀን ሠራተኛው፣ የመጋዘን ሠራተኛዋ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ግን ጭራሽ የሚቆሙበት ወለል የላቸውም።

አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጋዘኑን ስም አልጠራም፣ ብዙው እንዲያ ነውና። ሴቶቹ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ቡና ተዘርግቷል። ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን በጣታቸው እየለዩ ያወጣሉ። አቧራው አፍንጫ ይዘጋል። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራለች፣ ሕፃኗ ከጎኗ ኬሻ ላይ ተኝቷል። ማታ ላይ የለቀሙት ሚዛን ላይ ይወጣል። ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እሷ ግን ምንም ወረቀት አትቀበልም። ቅዳሜ ሲሆን የተነገራትን ተቀብላ ትሄዳለች። አነሰ ብትል የምታሳየው ማስረጃ የላትም። ሰኞ ደግሞ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞት ልታገኘው ትችላለች።

ሕጉ ግን ለእሷም ተጽፏል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ከዚያ በላይ ከሠራች፣ ትርፍ ሰዓቱ ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላታል። ሌሊት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍቷ ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል። ይህን ስነግራት በመገረም ነው ያየችኝ። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አንድም ሰው አልነገራትም። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች በዚያ በር የሚገቡት ስንት ጊዜ ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ለከተማችን አስተዳደር አቀርባለሁ። መልሱ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም፣ እዚሁ ያለ ነው።

የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ ኅዳር 2011፣ ልጆቻችን ሥራ አገኙ ብለን ደስ ብሎን ነበር። 75 ሄክታር ነው። ያኔም የሥራው ዕድል ያስፈልገን ነበር፣ ዛሬም ያስፈልገናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳው ፓርክ ያወጡት ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ። በዓለም ላይ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ዝቅተኛው ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። የዘይቱ፣ የጤፉ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋ ምን እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በዶላር የሚሸጥ ልብስ የሚሰፋ ሰው ከእጅ ወደ አፍ እንኳ ሳይበቃው ሲቀር አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

ወለል ከተቀመጠ ባለሀብቱ ይሸሻል የሚል ክርክር አለ። ቀላል ክርክር አይደለም፣ በአንድ ቃል ላጣጥለው አልፈልግም። ባለሀብቱን ግን ከደመወዙ በላይ የሚያማርረው የመብራት መቆራረጥ፣ የጉምሩክ መጓተት፣ የመንገዱ ርቀት ነው። ሠራተኛዋ በዓመት ውስጥ ጥላ ስትሄድ አዲስ ሰው እንደገና ማሠልጠንም ወጪ ነው። መንግሥት ባቡሩን አዘግይቶ ያመጣውን ወጪ ሠራተኛዋ በጉሮሮዋ መክፈል የለባትም። ቦርዱ ተቋቁሞ አሠሪውም ሥጋቱን ይናገር፣ ሠራተኛውም የኑሮውን ያስረዳ። ሕጉ ያለውም ይህንኑ ነው።

ባቡሩ የሚመጣ ከሆነም አብሮ የሚታሰብ ነገር አለ። ድንጋይ የሚፈልጠው፣ ሃዲድ የሚሸከመው፣ ሌሊት ጥበቃ የሚያድረው የዚህ አገር ልጅ ነው። ክፍያው፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የጉዳት ካሣው ከኮንትራክተሩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። መሬቱን ለሚለቅ ገበሬም ካሣው ሃዲዱ ከመድረሱ በፊት እጁ ይግባ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ መለመን አስቸጋሪ ነው።

ጎመን በጤና የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ምን አስጨነቀህ፣ ዝም በል ይሉኛል። ለእኔ አስበው ነው፣ አልቀየማቸውም። ግን ይህ ጥያቄ የአመፅ ጥያቄ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ኃላፊም ሆነ የተመረጠ ሰው ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እነዚህን በሮች ብዙ ጊዜ አላንኳኳናቸውም።

ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና ለምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። የሰበታ፣ ኢጃጂ፣ ጅማ መስመር ዛሬ በዕቅድ ውስጥ አለ ወይ፣ የአዋጭነት ጥናቱ የት ነው፣ የጊዜ ሰሌዳውስ ምንድን ነው ይላል። ሁለተኛው ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የደመወዝ ቦርዱ ለምን እንደዘገየና መቼ እንደሚቋቋም ይጠይቃል። የሁለቱም ቅጂ ከዚህ አካባቢ ለተመረጡ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይደርሳል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የፌዴራሉ በጀት ለምክር ቤቱ ይቀርባል። አባሎቻችን ያኔ እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንስተው እንዲናገሩ እንፈልጋለን። ያነሳውንም ያላነሳውንም በስም መዝግበን እዚሁ አዳራሽ ተመልሰን እናነባለን።

ደብዳቤዎቹ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፈዋል። ማንበብ የማይችል ካለ ተማሪዎቹ ያነቡለታል። ሳይገባው የሚፈርም እንዳይኖር። መዝገቡ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡና ለቃሚ እህቶቻችን ማታ ከሥራ ሲወጡ እንዲደርሱበት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ይቆያል። መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እዚህ በር ላይ ይለጠፋል። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።