የጣርማበር ጉም እና ትንሿ መኪና

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ትንሽ መኪና ነው። እንደኔ ቪትዝ ይዛችሁ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትመላለሱ ካላችሁ፣ በተለይ ለእናንተ ነው።

መንጃ ፈቃድ ስናወጣ "መንገዱን እይ" ተብለን ነው የተማርነው። ትክክል ነው። በዚህ መንገድ ላይ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን መታየቴ ነው። ከጭነት መኪና ጋር ብንጋጭ ትንሽ መኪና ምን ያስጥለናል? ስለዚህ አስቀድመን መታየት አለብን።

ይሄ ነገር በደንብ የገባኝ አጎቴ ጋ ነው። ተሳቢ ነው የሚነዱት። አንድ ቀን መኪናቸው ቆሞ ሳለ ጋቢና አስገብተው መሪው ላይ አስቀመጡኝ። "በል እስቲ መኪናህን ፈልጋት" አሉኝ። ከፊት ለፊት፣ አፍንጫው ሥር ነው ያቆምኳት። ጣራዋ እንኳ አልታየኝም። በስተቀኝ ደግሞ ይብሳል። እኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ፣ ከቀኙ በር ሥር የምትሄድ መኪና ከሹፌሩ ዓይን ውጭ ናት። ከኋላ ተጠግታ የምትከተለውንም ተሳቢው ይጋርዳታል። "ስፖኪዮዬ ውስጥ ፊቴ ካልታየህ፣ እኔም አላየሁህም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጭነት መኪና ስከተል መጀመሪያ የምፈልገው የሹፌሩን ፊት ነው። ዳገቱ ላይ ስንት ሰው ቸኩሎ ተሳቢው ጭራ ላይ ይለጠፋል! እዚያ ተለጥፎ የፊቱን መንገድ አያይም፤ ከፊት የሚመጣውም እሱን አያየውም። ራቅ ማለት ነው የሚያዋጣው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንነዳ እኮ በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ያህል እንሄዳለን። እግራችን ፍሬን ላይ ሳይደርስ ስንት ሜትር እንዳለፈ አስቡት።

ከጣርማበር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጫነ መኪና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ፍሬን ካበዛ ይግልበታል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደልብ አይዝም። እንዲህ ያለ መኪና ፊት ጥልቅ ብሎ ገብቶ ፍሬን መያዝ... እባካችሁ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ።

ጉሙን ታውቁታላችሁ። ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ክረምት ላይ አንዳንዴ የራስን ኮፈን ብቻ ነው የሚያሳየው። ብዙ ሰው ያኔ ረጅም መብራት ያበራል። ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ወደ ራሳችን ዓይን ይመለሳል እንጂ አይጠቅምም። አጭሩን አብሩ። ብርማ ወይም ግራጫ መኪና ያላችሁማ ቀንም ቢሆን አብሩት፣ ቀለሙ ከጉሙ ጋር አንድ ይሆናል።

የኋላውን መብራት ደግሞ አደራ። አንዳንድ መኪና ሞተር ሲነሳ የፊቱ በራሱ ይበራል፣ የኋላው ግን ጨለማ ነው። ሹፌሩ ፊት ለፊት ብርሃን እያየ ሁሉም የበራ ይመስለዋል። ወርዳችሁ እዩት፤ ጭቃውንም ጥረጉት። ፍሬን ስትረግጡ መብራቱ መሥራቱን ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ። እየነዱ አራቱንም ፍሬቻ ማብራትን ግን አልወደውም፤ ወደየት እንደምንታጠፍ ለሌላው መንገር አንችልም።

እግረኛውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አመሻሽ ላይ አህያውን እየነዳ ከገበያ የሚመለስ ሰው ምንም መብራት የለውም። እሱን ማየት የኛ ሥራ ነው፤ ፍጥነት መቀነስም እንዲሁ።

በዓለም ከተማ ወይም በአንኮበር በኩል የምትነዱ አድማጮች፣ እናንተ ጉምና ቁልቁለት ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።