30 ሰከንድ፣ 25 ጊዜ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ አድማጮች? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስዊድናዊው የስፒድ ስኬቲንግ (ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ሻምፒዮን ስለ ኒልስ ቫን ደር ፑል ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2022፣ በቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ 5,000 እና 10,000 ሜትሩን ጠቅልሎ ወሰደ። ስዊድን በዚህ ስፖርት ከ1988 ወዲህ የኦሎምፒክ ወርቅ አላየችም ነበር።

10,000 ሜትር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በበረዶ ላይም ቢሆን ያው 400 ሜትር፣ ያው 25 ዙር ነው። ቀነኒሳ በ2005 ብራሰልስ ላይ 26:17.53 ሲገባ አንዱን ዙር በአማካይ በ63 ሰከንድ ሮጧል። ቫን ደር ፑል ቤጂንግ ላይ የገባበት 12:30.74 የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ለ25 ሲካፈል 30.03 ሰከንድ ይመጣል። የመጀመሪያው ዙር ከቆመበት ስለሚነሳ ይዘገያል፤ የቀሩት በአማካይ ከ30 በታች ናቸው ማለት ነው።

እኔ ይህን ሰው የማደንቀው ከዚህች ቁጥር ተነስቶ ወደ ኋላ ስላሰበ ነው። ውድድሩ የሚጠይቀው 30 ሰከንድን መደጋገም ከሆነ፣ ለዚያ የማይጠቅመውን ሁሉ ከልምምዱ አወጣ።

ችግሩ ያለው አቋሙ ላይ ነው። ስኬተር ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ መላ ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ጥሎ ይንሸራተታል። ጭኑ እንደተወጠረ ስለሚቆይ ደም እንደልቡ አይዘዋወርበትም፤ እግር ቶሎ ይቃጠላል። ስለዚህ በረዶ ላይ ብዙ ሰዓት ሠርቶ ትንፋሽ መገንባት አይቻልም። እሱ መፍትሔውን ብስክሌት ላይ አገኘው፦ ያው ጭን ይሠራል፣ ደሙ ግን አይታገድም። በክረምቱ ማለትም በእነሱ በጋ፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ፣ ፔዳሉን በ250 ዋት ገደማ ኃይል እየረገጠ ከረመ። አምስት ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ሙሉ ያርፋል። ሁለቱ የዕረፍት ቀናት ባይኖሩ አምስቱን የሚችላቸው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ወራቱን ከበድ ባሉ፣ ግን ትንፋሽ በማያሳጡ ረጃጅም ድግግሞሾች አሳለፈ። በረዶው ላይ በብዛት የወጣው የውድድሩ ወቅት ሲቃረብ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሠራው በውድድሩ ፍጥነት ነበር። ከዚያ በዘገየ ፍጥነት መንሸራተት ሌላ አቋም፣ ሌላ የእግር ምት ያስለምዳል ብሎ ያምን ነበርና።

ብዙዎች የሚወድቁት የመጀመሪያዎቹን ዙሮች 29 ተኩል እየገቡ ነው። ከ15ኛው ዙር በኋላ ጉልበት ይላላል፣ ወገብ ቀና ይላል፣ ደረት ንፋሱን ይጋፈጣል፤ ሰዓቱም ወደ 31፣ ወደ 32 ይሸሻል። ቀና ያለ ሰው ተመልሶ ዝቅ ማለት ይከብደዋል። 5,000 ሜትሩ ላይ የሆላንዱ ፓትሪክ ሩስት ቀድሞ ወጥቶ 6:09.31 አስመዝግቦ ተቀመጠ። ቫን ደር ፑል መሀል ላይ ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ አልደነገጠም፣ ዝቅ እንዳለ ቆይቶ በመጨረሻው 6:08.84 ገባ። 0.47 ሰከንድ!

ከኦሎምፒኩ በኋላ የልምምድ መዝገቡን ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር በይፋ ለቀቀው፤ በዚያው ዓመትም ጫማውን ሰቀለ። መዝገቡን ወስዶ ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ከብስክሌቱ ወራት ይጀምር። የ30 ሰከንዱን ዙር ብቻ ነጥሎ የሚቀዳ፣ የሚሸከመው ትንፋሽ ስለሌለው በጥቂት ሳምንት ይደክማል። ለ500 ሜትር ተወዳዳሪ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም፤ እዚያ ወሳኙ ከመነሻው የሚፈነዳው ጉልበት ነው።