«ዱካ አለበት እኮ!» የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ በረዶ ናዳ

ባለፈው ፕሮግራም ስልኩ ሳያቋርጥ ሰዓቱ አለቀብን። ላልሰማችሁን፦ እኔ ከስኪ ማዕከል ውጪ፣ ጠባቂ በሌለው ተራራ ላይ ለሚወጡ ሰዎች ስለ በረዶ ናዳ የማስተምር ነኝ። ስኪ ብትንሸራተቱ፣ ስኖውሞቢል (የበረዶ ላይ ሞተር) ብትነዱ፣ በበረዶ ጫማ ብትራመዱ ለእኔ ያው ናችሁ። ናዳው ምን ተጫምታችሁ እንደመጣችሁ አይጠይቅም። ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን፦ የትራንሲቨራችሁን (የተቀበረ ሰው እንዲገኝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል፣ ሰውነት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው) ባትሪ አይታችኋል? እሺ፣ እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ ጮክ ብሎ ማውራት ናዳ ያስነሳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የፊልም ወሬ ነው። የሚያስነሳው ክብደታችሁ እንጂ ድምፃችሁ አይደለም።

ጥያቄ፦ ትራንሲቨር፣ መፈለጊያ ዘንግ፣ አካፋ፤ ሦስቱንም መግዛት ግድ ነው ወይ? ወጪው በዛብኝ። አካፋ ደግሞ የመኪና መንገድ የምጠርግበት አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም፤ ለእያንዳንዱ ሰው። ሦስት ጉልቻ ናቸው፣ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። ትራንሲቨሩ የተቀበረው ሰው ወዳለበት ይመራሻል፣ ግን ትክክለኛውን ነጥብ በጣትሽ አይነካልሽም። ዘንጉ ነው «እዚህ ጋ፣ በዚህ ጥልቀት» የሚልሽ። ያለ አካፋ ደግሞ ያለበትን ብታውቂም ቆመሽ ከማየት ሌላ ምንም አታደርጊም። የቤቱን ፕላስቲክ አካፋ እዚያው ተዪው። ናዳ ወርዶ ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ ፕላስቲክ ይሰበራል። ብረት ይሁን። ወጪው ከከበደሽ በመጀመሪያው ዓመት ተከራዪ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የናዳ መፈለጊያ መተግበሪያ ጫንኩ። ትራንሲቨሩን ይተካል?

መልስ፦ አይተካም። የካናዳው የናዳ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ እነዚህ መተግበሪያዎች በግልጽ አስጠንቅቋል። ትራንሲቨሮች ማንም ይሥራቸው ማን ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ነው የሚነጋገሩት፤ ስልክህ ያን ቋንቋ አይችልም። እንዲያውም ይረብሻል። ስትጓዝ ስልኩ ከትራንሲቨሩ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ሰው ስትፈልግ ቢያንስ 50። ስልኩን ለካርታና ለእርዳታ ጥሪ አቆየው። ባትሪውንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ እንኳ ጥንቁቆች ነን። ያልተነካ ቁልቁለት አንደፍርም። ሁልጊዜ ዱካ ያለበትን ነው የምንመርጠው። ሰው ካለፈበት አስተማማኝ ነው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጭ በል። ይኼ ይረዝማል።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ «ጥንቁቆች ነን» የሚሉት ናቸው። ዱካ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሰው በዚያ መስመር፣ በዚያ ሰዓት አልፏል። አንተ ታልፋለህ አላለህም። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ በዕድል ይለፍ በዕውቀት አልነገረህም።

በረዶ ተራራ ላይ በአንድ ጊዜ የተደፋ ክምር አይደለም። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት የበረዶው ገጽ ላይ ላባ የመሰሉ ስስስ ያሉ ክሪስታሎች ይበቅላሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያብረቀርቃሉ፤ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ ታነሳቸዋለህ። በኋላ አዲስ በረዶ ይወርድና ይቀብራቸዋል። ነፋሱ የላይኛውን ያጠብቀዋል። አሁን ምን አለህ? ከላይ ጠጣር ንጣፍ፣ ከሥር ላባ። ያ ላባ ለሳምንታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። አንተ ረስተኸዋል፤ እሱ አልረሳህም።

የንጣፉ ውፍረት ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። አንዱ ጋ ከሜትር በላይ ነው፣ ድንጋይ አጠገብ ስስ ነው። ወፍራሙ ላይ 10 ሰው ቢያልፍ ክብደታቸው ላባው ጋ ላይደርስ ይችላል። አሥራ አንደኛው ትንሽ ወደ ግራ ይልና ስሱን ይረግጣል። ስንጥቁ ከእግሩ ሥር ተነስቶ ቁልቁለቱን በሙሉ ያዳርሳል፤ ዱካ ያለበትንም ጭምር። ያ አሥራ አንደኛ ሰው ከፊቱ 10 ዱካ እያየ ነበር።

ተማሪዎቼን ጉድጓድ አስቆፍራቸዋለሁ። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲሜትር የሆነ የበረዶ ዓምድ ለይተን እናቆማለን። አካፋውን አናቱ ላይ አስተኝተን በእጃችን እንመታዋለን፤ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ። አንዳንዴ 30ውን ጨርሰን ምንም አይሆንም። አንድ ቀን 12ኛው ላይ የላይኛው ግማሽ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ይመታ የነበረው ልጅ ጭን ላይ አረፈ። ልጁ ጠዋት ሙሉ ሲቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ያንን ዝምታ እወደዋለሁ። ግን ልብ በል፣ ጉድጓዱም ቢሆን የሚነግርህ ስለዚያች ቦታ ብቻ ነው። «ፈትሸናል» ብለህ ደረትህን እንዳትነፋ።

ታዲያ ምን ልመልከት ትለኛለህ። አንደኛ፣ ቁልቁለቱን ለካ። ገዳይ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ነው፤ ለስኪ ደስ የሚለውም እሱው ነው፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በዓይንህ አትገምት፤ መለኪያ አለ። ሜዳ ላይ ብትቆምም ቀና ብለህ ከላይህ ያለውን ለካ። ሁለተኛ፣ ተራራው ራሱ ሲናገር ስማው። አጠገብህ ትኩስ ናዳ ወርዷል? ስትረግጥ በረዶው «ዉምፍ» ብሎ ሰመጠ? ከስኪህ ፊት ስንጥቅ ሮጠ? አዲስ በረዶ በብዛት ጥሏል? ነፋስ እያመጣ እየከመረ ነው? ሙቀቱ በድንገት ጨመረ? ከእነዚህ አንዱን ካየህ ሺህ ዱካ ቢኖር ተመለስ።

ኢያን ማካመን የተባለ ተመራማሪ ከ700 በላይ የአሜሪካ የናዳ አደጋዎችን መርምሯል። ያገኘው ነገር አንገት የሚያስደፋ ነው፤ ሰዎቹ ምልክት አጥተው አይደለም የገቡት። ቦታውን ስለለመዱት፣ ሌሎች ሲገቡ ስላዩ፣ ከመካከላቸው «አዋቂ» የሚመስል ሰው ስለነበረ ነው። በናዳ ከሚያዙ 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው። ይህ መጥፎ ዜና ይመስላል። ለእኔ ግን ጥሩ ዜና ነው፤ ካልገባህበት በአብዛኛው አይነሳማ።

ጥያቄ፦ የናዳ ትንበያው የአደጋውን ደረጃ «3 ከ5» ይላል። መሀል ላይ ነው፣ ችግር የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ የፈተና ውጤት አይደለም፣ ልጄ። 3 «አሳሳቢ» ማለት ነው፤ ሰው ናዳ ሊያስነሳ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ከደረጃ ደረጃ የሚጨምረው አደጋ እኩል እኩል አይደለም፣ ወደ ላይ በሄድክ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይዘላል። ብዙ ሰው የሚሞተውም በ3 ቀን ነው። በ5 ቀን ሁሉም ፈርቶ ቤቱ ይውላል፤ በ3 ቀን ፀሐይ ትወጣና ያታልላል። ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትዝጋው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፤ ችግሩ የትኛው ከፍታና የትኛው አቅጣጫ ላይ እንደሆነ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ጓደኛችን ቢቀበር መጀመሪያ ለነፍስ አድን መደወል ነው ወይስ መፈለግ?

መልስ፦ ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ይደውል፣ ሌላው ይፈልግ። ብቻህን ከቀረህ ፈልግ። እርዳታ ለመጥራት ቁልቁል አትውረድ። በ10 ደቂቃ ውስጥ የወጣ ሰው ከ10 ዘጠኙ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወድቃል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ የቆዩት የሚተርፉት ከሦስት አንዱ ያህል ናቸው። ሄሊኮፕተሩ ያኔ ገና ሞተሩን እያሞቀ ይሆናል። አምቡላንሱ አንተ ነህ።

በልምምድ ቀን ትራንሲቨር ያለበት ቦርሳ እቀብርና ሰዓት እይዛለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይሯሯጣል። አንዱ ትራንሲቨሩን ወደ መፈለጊያ መቀየር ይረሳና ሌሎቹ የእሱን ምልክት ተከትለው እሱኑ ያገኙታል። (ያስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም።) ከዚያ መሣሪያው የሚያሳየው የርቀት ቁጥር ይወርዳል፤ 40፣ 22፣ 9፣ 3። እዚህ ጋ ቀስ፣ መሣሪያውን በረዶው ላይ ዝቅ። ትንሹ ቁጥር ካለበት ዘንግ ይተከላል፤ አፈር ሲነካ «ቀጭ» ይላል፣ ሰው ሲነካ ግን ለስለስ ያለ ነገር ይመልሳል። ዘንጉን አትንቀሉት። ከላዩ ሳይሆን ከበታቹ በኩል ወደ ጎን ቆፍሩ። በጣም የሚያደክመው ቁፋሮው ነው፤ ጎረምሶቹ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላቸው ያለከልካሉ። በዓመት አንዴ ለፎቶ የምትወጡ ሰዎች፣ ይህን ሳትለማመዱ አትውጡ። ባትሪውንም እዩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኤርባግ (ናዳ ሲይዝ የሚነፋ ከረጢት ያለው የጀርባ ቦርሳ) ገዝቶ «አሁን የትም ብገባ አልፈራም» ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ኤርባጉ ጥሩ ነው፤ ሲነፋ ሰውን ወደ ላይኛው ገጽ እንዲወጣ ይረዳል፣ የመሞት ዕድልንም ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግን በራሱ አይነፋም፣ እጀታውን መሳብ አለበት፤ በድንጋጤ ሳይስቡ የቀሩ አሉ። ዛፍና ገደልም ኤርባግ አያውቁም። ካናዳ ውስጥ በናዳ ከሞቱት ከአራቱ አንዱ ያህል የሞቱት ታፍነው ሳይሆን በደረሰባቸው ምት ነው። ዕቃ ማለት ከተሳሳትክ በኋላ የሚጠቅም ነገር ነው በይው። ቁልቁለቱን ይለካ።

ጥያቄ፦ ስኖውሞቢሉ ተራራው ወገብ ላይ ሲቀረቀርብን ሁላችንም ተጋግዘን እናወጣዋለን። ስህተት አለው?

መልስ፦ አለው። መረዳዳት ወጋችን ነው፣ አውቃለሁ፤ ተራራው ግን ወጋችንን አያውቅም። ተዳፋቱ ላይ አንድ በአንድ። ሌላው ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቅ። ከሥር ተሰብስቦ ትርኢት ማየትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ውስጥ ሬቨልስቶክ አጠገብ 200 ያህል ሰው ለስኖውሞቢል ትርኢት በተሰበሰበበት ናዳ ወርዶ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 30 ያህል ቆሰሉ።

ጥያቄ፦ አጎቴ የተወልኝ በጣም አሮጌ ትራንሲቨር አለ። ይሠራል፣ ይበራል።

መልስ፦ በማስታወሻነት አስቀምጠው። ባለ ሦስት አንቴና አዲስ ግዛ።

ጥያቄ፦ ከአራት ቀን በፊት ትንሽ ናዳ እስከ ደረቴ ቀብሮኝ ወጣሁ። ደህና ነኝ፣ ግን ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል፣ ራሴንም ያመኛል።

መልስ፦ ደህና አይደለህም። ይህን ማንበብ አቁምና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

ጥያቄ፦ ትንበያውን በነፃ የሚያወጡት እነማን ናቸው? ምን ያተርፋሉ?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው፤ መንግሥትም አለ፣ በጎ አድራጎት ድርጅትም አለ። የካናዳውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ እዚያ በሁለት አደጋዎች፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ሰባት ሰባት ሰዎች ሞቱ። የሁለተኛዎቹ ሰባት ከትምህርት ቤት ጋር ስኪ የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ወቅት ካናዳ ውስጥ በጠቅላላው 29 ሰው በናዳ ሞቷል። በማግስቱ ዓመት፣ በ2004፣ ዛሬ አቫላንች ካናዳ የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሬቨልስቶክ ላይ ተቋቋመ። በበረዶው ወቅት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ የኮርሶቹን ይዘት ያዘጋጃል፣ ተራራ የወጣ ማንኛውም ሰው ያየውን እንዲልክም ይጋብዛል። ያያችሁትን ናዳ ላኩላቸው፤ ነገ የሚወጣው ሰው ያነበዋል። ትርፋቸው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ልውጣ ይለኛል። ልከልክለው?

መልስ፦ እትዬ፣ ብትከልክዪው ሳይነግርሽ ይሄዳል። ይልቅ በር ላይ አቁሚውና ጠይቂው። የዛሬው ትንበያ ስንት ነው፣ ችግሩስ ምንድን ነው? የምትወጡበት ተዳፋት ስንት ዲግሪ ነው? ማን ከማን ጋር ተለማምዷል? ከመካከላችሁ አንዱ «ልመለስ» ቢል ሁላችሁም ትመለሳላችሁ? ትራንሲቨሩን ከጃኬቱ ሥር አስሮ፣ አብርቶ ያሳይሽ። ካቅማማ የመኪናውን ቁልፍ አትስጪው። መጀመሪያ ከባለሙያ የሁለት ቀን ኮርስ ይውሰድ። አንቺም አብረሽው ብትመጪ ቦታ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት ቦርሳውን ከሁሉም ቀድመው ያገኙት አንዲት እናት ነበሩ።